ኦፍሬንዳ፦ ከሳሎን ወደ ሙዚየም የገባው የሙታን ገበታ

ሜክሲኮዎች ለሞቱ ዘመዶቻቸው የሚያሰናዱትን ገበታ ኦፍሬንዳ ይሉታል፤ በስፓንኛ መባ እንደማለት ነው። የሙታን ቀን የሚባለው በዓላቸው ኖቬምበር 1 እና 2 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 22 አካባቢ። የሞቱ ሰዎች ያን ሰሞን ወደ ቤታቸው ብቅ ይላሉ ተብሎ ይታመናል። መጀመሪያ ሕፃናቱ፣ በማግስቱ አዋቂዎቹ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቤት ባዶ አይሆንም።

ገበታው ደረጃ በደረጃ ነው፣ ሁለትም ሦስትም ሰባትም ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ የሟቹ ፎቶ ይቆማል። አጠገቡ ውሃ ይቀመጣል፣ ከሩቅ የመጣ ይጠማዋላ። ከዚያ ጨው፣ ሻማ፣ ኮፓል የሚባል የዛፍ ሙጫ እንደ እጣን የሚጨስ፣ አናቱ ላይ የአጥንት ቅርጽ ያለው ዳቦ፣ በሕይወት እያለ የሚወደው ምግብና መጠጥ፣ ሲጋራ ያጨስ ከነበረም ሲጋራው። ከሁሉም ዓይን የሚስበው ግን ሴምፓሱቺል የተባለው ደማቅ ብርቱካንማ አበባ ነው፤ ቅጠለ አበባውን ከደጃፍ እስከ ገበታው ይነሰንሱታል፣ ሟቹ መንገድ እንዳይስት። ሐዘን ቤት አይመስልም በጭራሽ። የጥንት ነባር ሕዝቦች እምነትና ካቶሊክነት እዚህ ጋ ተቀላቅለዋል፣ ዩኔስኮም በዓሉን በ2008 መዝግቦታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)።

ወደ ሙዚየም የገባው በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ባሉ ሜክሲኮ-አሜሪካውያን በኩል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሎስ አንጀለስና የሳን ፍራንሲስኮ አርቲስቶች የቤቱን ነገር አደባባይ አወጡት። በ1987 የተከፈተው የቺካጎው የሜክሲኮ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም በየዓመቱ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃል፣ በካሊፎርኒያ ያለው የኦክላንድ ሙዚየምም በ1994 ጀምሮታል።

ሁለት ሴቶችን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። አርቲስቷ አማሊያ ሜሳ-ቤይንስ ለተዋናይቷ ዶሎሬስ ዴል ሪዮ በመስታወት፣ በጨርቅ፣ በፎቶና በደረቀ አበባ የሠራችው ኦፍሬንዳ ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተቋም የሆነው የስሚዝሶኒያን ንብረት ነው። ኦፌሊያ ኤስፓርዛ ደግሞ ሙያውን ከእናቷ ተምራ ለልጆቿ ያስተላለፈች መምህርት የነበረች የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ሴት ናት፤ በ2018 የአሜሪካን ከፍተኛውን የባህል ጥበብ ሽልማት ወስዳለች። እኔን ብትጠይቁኝ የነገሩ ልብ ያለው ኦፌሊያ ጋ ነው።

ምክንያቱም ሙዚየምና ኦፍሬንዳ ጠባያቸው አይገጥምም። ሙዚየም እሳት ይፈራል፣ ስለዚህ ሻማው ብዙ ጊዜ የባትሪ ይሆናል። ዳቦ ተባይ ይጠራል፣ ትኩስ አበባም እንዲሁ፣ የወረቀት ይተካዋል። «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ከተጨመረበትማ የሱቅ መስኮት ሆኖ ያርፋል። የሰፈር ሰው የእናቱን ፎቶ፣ የአያቱን ባርኔጣ ይዞ መጥቶ ሲያስቀምጥበት ግን ይለያል፤ ጎብኚውም የራሱን ሟች ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጣል ያደርግበታል። በዓሉ ሲያልፍ ይፈርሳል። አበባው ይጠረጋል፣ ባርኔጣው ወደ ቤቱ።