የአባላዘር በሽታ ከአባላዘር ውጪ ታየ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ጤና ለብዙ አድማጭ ሲያስረዳ ሰማሁ። የአባላዘር በሽታ ስሙ እንደሚለው የአባላዘር ብቻ ነው አለ፤ ዓይኔ ወይም ጉሮሮዬ ላይ ወጣብኝ የሚል ሰው ወይ ሌላ በሽታ ይዞታል፣ ወይ ለመናገር የሚያፍርበትን ድርጊት ፈጽሟል ሲልም አከለ። ይህንኑ አባባል ሐረር በምሠራበት የምርመራ ክፍል ከታካሚዎች፣ ከቤተሰቦቻቸው፣ አልፎ አልፎም ከሙያ ባልደረቦቼ ስለምሰማው አሁን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አባባሉ ሁለት ስሕተቶችን ደርቦ ይዟል፤ አንደኛው ሕመምተኛ ሳይታከም እንዲቀር ያደርጋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ጥፋት የሌለበትን ሰው ያስከስሳል።

አንድ ሕመም የአባላዘር በሽታ የሚባለው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት ዋነኛ መንገድ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሆነ ነው። ከገባ በኋላ የት እንደሚሰፍር፣ የትኛውን አካል እንደሚጎዳና በምን መልክ እንደሚገለጥ ስያሜው አይነግረንም። ይህ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ኤችአይቪ በዋነኛነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደሚተላለፍ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ምልክቱን ብልት ላይ የሚፈልግ ሰው የለም። ሄፓታይተስ ቢም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል፤ የሚያጠቃው ግን ጉበትን ነው። ስለ እነዚህ ቫይረሶች የምንቀበለውን እውነት ስለ ጨብጥና ስለ ቂጥኝ ሲነገረን የምንክድበት ምክንያት አይታየኝም።

ለሐረር ሰው ጉዳዩ በጁገል ግንብ ቢመሰል ይቀርባል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረው ይህ ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ እነርሱም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። በሸዋ በር የገባ እንግዳ በሩ ሥር ቆሞ አይቀርም፤ በከተማው መሀል ወዳለው አደባባይ፣ ወደ ፈረስ መጋላ ይዘልቃል፣ ከዚያም በቀጫጭኑ መንገዶች ወርዶ ማንም ያልጠበቀው ግቢ ውስጥ ሊያድር ይችላል። ፈረስ መጋላ ላይ ያገኘነውን እንግዳ ፊቱን በማየት ብቻ በየትኛው በር እንደገባ መናገር አንችልም፤ በሩ ላይ ማንም ስላልቆመም ከተማው ውስጥ እንግዳ የለም ማለት አንችልም። ሰውነትም እንዲሁ ብዙ በር አለው። ብልት አንዱ ሲሆን አፍ፣ ጉሮሮ፣ ፊንጢጣና ዓይን ሌሎቹ ናቸው፤ ደም ደግሞ ከእያንዳንዱ በር ወደ መሀል የሚወስድ መንገድ ነው። ምሳሌው የማይሄድበት ቦታም አለ። እንግዳ ከበሩ ሲርቅ በሩን ለቆ ነው፤ ባክቴሪያ ግን ስለሚራባ በሩንም መሀሉንም በአንድ ጊዜ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህ ልዩነት ለምርመራ ትልቅ ትርጉም አለው።

ከማልረሳቸው ታካሚዎች አንዷ የእጇ አንጓ አብጦ የመጣች ወጣት ናት። ወልቋል ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ተወስዳ በቅቤ ታሽታለች። እብጠቱ ግን አንጓዋ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በጅማቶቹ አቅጣጫ እስከ እጇ ጀርባ ተዘርግቷል፣ ጣቶቿን ቀና ለማድረግ ስትሞክርም ፊቷ ይጨማደዳል። ክንዷ ላይ መሀላቸው ጠቆር ያለ፣ መግል የቋጠሩ ጥቂት ብጉር መሳይ ነገሮች ነበሩ፤ ትኩሳትም ነበራት። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ያልተለመደ ፈሳሽ፣ የሆድ ሕመም፣ አንዱም አልነበራትም። ይህ ጨብጥ ወደ ደም ገብቶ ሲሰራጭ የሚያሳየው የታወቀ ገጽታ ነው። ስርጭቱ የሚደርሰው ጨብጥ ከያዛቸው ሰዎች ከመቶ ሦስት በማይበልጡት ላይ ሲሆን አብዛኛዎቹ በብልታቸው ላይ ምንም ምልክት የላቸውም። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ምልክት የነበረው ሰው ቀድሞ ይታከማል፣ ምልክት ያልታየበት ግን ባክቴሪያው ጊዜ አግኝቶ ደም ውስጥ እስኪገባ ይቆያል። ስለዚህ «እዚያ ምንም የለኝም» የሚለው መልስ ጨብጥን ውድቅ አያደርግም።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ልጨምር። ካበጠው መገጣጠሚያ የተቀዳ ፈሳሽ በካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያን በማብቀል በሚደረግ ምርመራ፣ ባክቴሪያ ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከማሕፀን ጫፍ፣ ከሽንት ቧንቧና ከጉሮሮ የተወሰደ ናሙና የተሻለ ውጤት ይሰጣል። እንግዳው ፈረስ መጋላ ቢታይም ማስረጃው የሚገኘው ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ነው። ናሙናውም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። በሌላ በኩል ክላሚዲያ የተባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ ከያዘው ሰው መካከል አንዳንዱ ከሳምንታት በኋላ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ሊያብጥ፣ ዓይኑም ሊቀላ ይችላል። ይህኛው የሚመጣው የሰውነት መከላከያ በሚያስነሣው ቁጣ ስለሆነ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ላይ ባክቴሪያ አይበቅልም። ተመሳሳይ እብጠት ከሺጌላ ወይም ከሳልሞኔላ ተቅማጥ በኋላም ይመጣል። ጉልበቱ ያበጠን ሰው ሁሉ በአባላዘር በሽታ መጠርጠርም ስሕተት ነው።

ወደ ዓይን እንምጣ፤ እዚህ ላይ መዘግየት ብርሃን ያሳጣልና። የጨብጥ ባክቴሪያ አዋቂ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በራሱ በታማሚው እጅ ነው፤ ብልቱን የነካበትን እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን ያሻል። ሌላ ድርጊት መፈለግ አያስፈልግም። ዓይኑ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ ቢጠርጉት ወዲያው የሚሞላ ወፍራም መግል ያፈስሳል፤ ካልታከመም ባክቴሪያው ጥርት ያለውን የዓይን ፊት፣ ማለትም ኮርኒያን፣ በአጭር ጊዜ ሊበሳ ይችላል። አራስ ሕፃን ደግሞ ሲወለድ ከእናቱ ይይዘዋል፤ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተወለደ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ካርል ክሬዴ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለአራሶች ዓይን የብር ናይትሬት ጠብታ መስጠትን ያስተዋወቀው ይህን ዓይነ ስውርነት ለመከላከል ነበር። ዛሬ በየጤና ተቋማችን ሕፃን እንደተወለደ የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት የዚያ ሐሳብ ተከታይ ነው። ይሁን እንጂ ቅባቱ መከላከያ ነው፤ መግል ከጀመረ በኋላ ፈውስ አይሆንም። ያን ጊዜ ሕፃኑ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ እናትና አባትም አብረው ይታከማሉ። አንዳንድ እናቶች የጡታቸውን ወተት ዓይኑ ላይ ጠብ አድርገው ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። በፍቅር የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያ ሁለት ሦስት ቀን የሕፃኑ ዓይን የሚተርፍበት ጊዜ ነው።

ያ ተናጋሪ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ እውነትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአባላዘር በሽታዎችን በምልክት ለማከም ካወጣቸው ዝርዝሮች መካከል ከፈሳሽ፣ ከቁስልና ከብሽሽት እብጠት ጋር የአራስ ሕፃናት የዓይን መቆጣት አብሮ ተቀምጧል። በሀገራችንም በኮንሶ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ የጨብጥ ባክቴሪያ ያስከተለው የዓይን ወረርሽኝ ማኅበረሰቡን አዳርሶ በሙያ መጽሔት ተዘግቧል። ያ ወረርሽኝ እንደ ማንኛውም የዓይን ሕመም ከዓይን ወደ ዓይን የተዛመተ እንጂ በግብረ ሥጋ የተላለፈ አልነበረም። ዓይን ላይ ጨብጥ አይኖርም የሚለውም፣ ካለ ነውር አለ የሚለውም በዚህ ብቻ ይወድቃሉ።

የዚህን ተቃራኒ ስሕተት ደግሞ ትራኮማ ላይ እናገኘዋለን። ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ መሆኑን ያነበበ ሰው፣ ዓይናቸው የታመመ የገጠር ሕፃናት የአባላዘር በሽታ እንደያዛቸው ሲናገር ሰምቼ አዝኛለሁ። የባክቴሪያው ዝርያ አንድ ቢሆንም ዓይነቶቹ ይለያያሉ። ትራኮማን የሚያመጡት ኤ፣ ቢ እና ሲ የተባሉት ሲሆኑ የሚዛመቱት ባልታጠበ ፊት፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው። በግብረ ሥጋ ከሚተላለፉት ዋነኞቹ ከዲ እስከ ኬ ያሉት ናቸው። እነዚህኞቹም የአዋቂን ዓይን ሊያቀሉ ይችላሉ፤ አንድ ዓይን ለሳምንታት ቀልቶ ጠብታ አልበግረው ሲል የሚዋጥ መድኃኒት ሊያስፈልግ እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ጉሮሮን በአጭሩ ልለፈው። ጨብጥ ጉሮሮ ላይ የሚገባው በአብዛኛው በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሕመም አይሰማም። የሽንት ምርመራ ጉሮሮን አያሳይም፤ መድኃኒቱም ጉሮሮ ላይ ከብልት ይልቅ የመክሸፉ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ባክቴሪያው እዚያ ከሚኖሩ ጉዳት አልባ ዘመዶቹ መድኃኒት የመቋቋሚያ ባሕርይ ስለሚወርስ ለሁላችንም አሳሳቢ ነው።

ቂጥኝ ግን ሰፊ ቦታ ይገባዋል፤ እንደ እርሱ መልኩን የሚለዋውጥ የለምና። የመጀመሪያው ቁስል ባክቴሪያው በገባበት ቦታ ይወጣል፤ ከንፈር፣ ምላስ፣ ቶንሲል ወይም ጣት ሊሆን ይችላል። አያምም፤ ባይታከምም በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ታማሚው ዳንኩ ብሎ ሲረሳው ባክቴሪያው ደም ውስጥ ነው። ከዚያም መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የማያሳክክ ሽፍታ ይወጣል፣ ፀጉር ብል እንደበላው ልብስ እየተመላለጠ ይረግፋል። የሚያሳክከውን እከክ ነው፣ ፀጉር የሚያረግፈውን ቆረቆር ነው እያልን ለማናቸውም ቅባት ከምንሰጥ፣ መዳፍ ላይ የማያሳክክ ሽፍታ ስናይ የደም ምርመራ ማዘዝ ይሻላል። ዓይንንና ጆሮንም በማንኛውም ደረጃ ሊያጠቃ፣ ከዓመታት በኋላም ከልብ የሚነሣውን ዋና የደም ቧንቧ ሊያሰፋ ይችላል። ለመጀመሪያው ደረጃ አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይበቃል፤ ዓይን፣ ጆሮ ወይም አንጎል ከተነካ ግን ያ መርፌ አይበቃም፣ በደም ሥር ለ10 እስከ 14 ቀን ፔኒሲሊን መስጠት ያስፈልጋል። የታየበት ቦታ ሕክምናውን ይለውጣል ማለት ነው፤ በነፍሰ ጡር ክትትል ጊዜ የቂጥኝ ምርመራ የሚደረገውም ሕፃኑ ላይ አጥንት፣ ጉበትና ጥርስ ሳይጎዳ ለመድረስ ነው።

ክሱ ከሁሉ ይልቅ ቤት የሚያፈርሰው ከንፈር ላይ ነው። ምች መታኝ የምንለው፣ ዳማከሴ ጨምቀን የምንቀባበት፣ ውኃ የቋጠረው የከንፈር ቁስል የሚመጣው ኸርፐስ ከተባለው ቫይረስ ሲሆን በአብዛኛው ዓይነት አንድ ነው። ይህን ቫይረስ አብዛኞቻችን የያዝነው በሕፃንነታችን አክስት ወይም አያት ስትስመን ነው፤ ከዚያ በኋላ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ በትኩሳት ወይም በፀሐይ ሲነሣ ይኖራል። ፀሐይ መታኝ የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በከፊል ትክክል ነው። የባሏ ከንፈር ላይ ቁስል አይታ «ኸርፐስ የአባላዘር በሽታ ነው» የሚል ነገር ያነበበች ሚስት ትዳሯን ልትጠራጠር አይገባም። ነገር ግን ቁስሉ ባለበት ጊዜ ሕፃን መሳም አይገባም። ይኸው ቫይረስ ዓይን ላይ ከወጣ ደግሞ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም ዓይኑን ክፉኛ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ስል ማንም ሰው በሽታው ከሽንት ቤት መቀመጫ ወይም ከፎጣ ይዞኛል ብሎ እንዲያመልጥበት አይደለም፤ የጨብጥ ባክቴሪያም የቂጥኝ ባክቴሪያም ከሰውነት ውጪ ሲደርቁ ቶሎ ይሞታሉ። በተለይ የአራስነት ጊዜውን ባለፈ ሕፃን ብልት ላይ ጨብጥ ከተገኘ ጥቃት ደርሶበት እንደሆነ መመርመር ግዴታ ነው፣ በፎጣ ማመካኘትም ወንጀል መሸፈን ይሆናል። እኔ የምቃወመው የታመመውን ቦታ አይቶ ድርጊት መፍረድን ነው። ሐኪምዎ ስለ ግንኙነትዎ ሲጠይቅዎ የሚፈልገው ናሙና ከየት እንደሚወስድና ማን አብሮ መታከም እንዳለበት ለማወቅ ነው። አንጓው ያበጠም፣ መዳፉ ላይ ሽፍታ የወጣበትም፣ ዓይኑ መግል የያዘም ሰው ይህን ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባል፤ ጠያቂው ካፈረም ታካሚው ራሱ «ይህ ከአባላዘር በሽታ ሊመጣ ይችላል ወይ?» ብሎ ቢያነሣ መብቱ ነው።