ሆሞሎጌሽን ምንድን ነው? ሃርድቶፕ አሜሪካ ውስጥ የማይሸጠውስ ለምንድን ነው?

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ሀዋሳ ሲገባ፣ ከሐይቁና ከዓሣው ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው መኪና ላይ ነው። ነጭ ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ ያያል። ፖርቶ መጋላው ላይ ትርፍ ጎማ የታሰረ፣ ጭቃው እስከ በሩ የወጣ፣ ከበንሳ ወይ ከአሮሬሳ የተመለሰ። «ይሄ መኪና እኛ ጋ ለምን አይሸጥም?» ብሎ ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ለቶዮታ ከትልልቆቹ ገበያዎች አንዷ ናት፤ ገዢውም ገንዘብ አለው። ግን አዲስ ሃርድቶፕ ከአከፋፋይ ልግዛ ቢል አያገኝም። ሃይሉክስም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 (ከዚህ በታችም ዓ.ም. ካልተባለ ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው) ታኮማ የሚባል ሌላ ፒክአፕ ቦታውን ከያዘ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሃይሉክስ አይሸጥም።

እዚህ ጋራዥ ውስጥ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «በጣም ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ካልተበላሸማ ማን አዲስ ይገዛል?» ይባላል። ለጆሮ ደስ ይላል፣ ግን ልክ አይደለም። ዋናው ምክንያት ሆሞሎጌሽን ነው፤ ከእሱ ጋር ቀረጥና የትርፍና ኪሳራ ስሌት አሉበት። ነገሩን ጠጋ ብለን ብናየው ለእኛም ይጠቅመናል። እዚያ ያልተፈለገው የመኪናው ጭስና ለተሳፋሪው የሚሰጠው ጥበቃ ማነስ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከጥንካሬው ጋር ተጭነው እኛ ጋ ይመጣሉ።

ሆሞሎጌሽን ማለት አንድ የመኪና ሞዴል በአንድ ሀገር ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የዚያን ሀገር የደህንነትና የጭስ ሕግ ማሟላቱ የሚረጋገጥበት ሂደት ነው። በየዓመቱ ቦሎ ለመውሰድ ከምናስደርገው ምርመራ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የቦሎ ምርመራ የሚያየው የእናንተኑ መኪና ነው፤ ፍሬኑ ይይዛል ወይ፣ መብራቱ ይሠራል ወይ። ሆሞሎጌሽን የሚያየው ሞዴሉን ራሱን ነው፤ ያውም ገና አንድም መኪና ሳይሸጥ።

የሚፈተነው ብዙ ነው። ከፊትና ከጎን ሲጋጭ ውስጥ ያለው ሰው ምን ይሆናል? የመቀመጫው ብሎኖች ይነቀላሉ ወይ? መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል ወይ? ድምፁስ? ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቀርሻና ጋዝ ስንት ነው? ለግጭቱ ፈተና እውነተኛ መኪኖች እየተላተሙ ይወድማሉ። ወጪው ከባድ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ዓለም በአንድ ሕግ አለመመራቱ ነው። የአውሮፓ ሀገራት፣ ጃፓንና ሌሎች ብዙዎች በ1958 ጄኔቫ ላይ በተፈረመ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ አንዱ የፈተነውን ዕቃ ሌላው ይቀበላል። አሜሪካ እዚያ ስምምነት ውስጥ የለችም፤ የራሷ መለኪያ አላት። በደህንነት በኩል አምራቹ «ሕጉን አሟልቻለሁ» ብሎ ራሱ ያረጋግጣል። መንግሥት ደግሞ ኋላ ከገበያ መኪና ገዝቶ ይፈትናል፤ ጉድለት ካገኘ የተሸጡት ሁሉ ተጠርተው እንዲስተካከሉ ያደርጋል። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ ያለፈ መኪና አሜሪካ ሲደርስ ወረቀቱ አይሠራለትም። ከመብራቱ እስከ መከላከያው አዲስ ሥራ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ሃርድቶፑ እንምጣ። ላንድ ክሩዘር 70 የሚባለው ቤተሰብ ገበያ ላይ የወጣው በ1984 ነው። እኛ ጋ በብዛት የምናየው 78ቱ ሃርድቶፕና 79ኙ ፒክአፕ የዚያ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ያለው ሞተር «ዋን ኤች ዜድ» ይባላል። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ያለ ተርቦ፤ በ1990 የወጣ ነው። ናፍጣው የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። መርጫውን የሚያዝ ኮምፒውተር የለውም።

ይህ ቀላልነት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ኮፈኑን መክፈት በቂ ነው። ከገጠር የመጣ ናፍጣ፣ በተለይ በበርሜል የቆየ፣ ውሃና ቆሻሻ አያጣውም። መካኒኩ የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ ያደርጋል፤ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ናፍጣው ይወርዳል። መልሶ ያጠብቃታል፣ ከላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ደጋግሞ ይጫናል፤ አየሩ ይወጣል። ሞተሩ ይነሳል። ይህን ለመሥራት ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ ከሀገረ ሰላም በላይ ባለ ዳገት ላይ በዝናብ መሐልም ይሠራል። የእርዳታ ድርጅቶች ይህን መኪና የሚወዱት ለዚህ ነው። ለተባበሩት መንግሥታትና ለእርዳታ ድርጅቶች ብቻ የቶዮታ መኪኖችን የሚያቀርብ ድርጅት ጂብራልታር ውስጥ አለ። ወደ ቦረና የሚወርዱት ነጫጭ ሃርድቶፖች ባለቤታቸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ነው።

ያው ሞተር የአሜሪካን ወይም የአውሮፓን የጭስ ፈተና ግን አያልፍም። እዚያ አዲስ የናፍጣ መኪና ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ይፈልጋል። ከጭስ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ ማጣሪያ ይገጠማል፤ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ መርዛማውን ጋዝ የሚያከሽፍ አድብሉ የሚባል ፈሳሽ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ደግሞ ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል። የአሜሪካ መንገድ ላይ የሚሸጠው ናፍጣ በሚሊዮን ከ15 ክፍል በላይ ድኝ እንዳይኖረው ሕግ አለ፤ የአውሮፓው 10 ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ይህን ማጽጃ ሁሉ ያበላሸዋል። እዚያ የሚፈለገውን ሞተር ወደ ገጠራችን ብናመጣው ይቸገራል፤ የእኛን ሞተር እዚያ ቢወስዱት አያስገቡትም። አንዱ መኪና ለሁለቱ ቦታ ሊሆን ያልቻለው ለዚህ ነው።

ጭሱ ይቆየንና ወደ ተሳፋሪው እንሂድ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የሃርድቶፑን የኋላ በር ክፈቱ። ብዙዎቹ ውስጥ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ መቀመጫዎች ታገኛላችሁ። ሰው ወደ ጎን ዞሮ ነው የሚቀመጠው። የደህንነት ቀበቶና ኤርባግ የተሠሩት ፊቱን ወደ መንገዱ ላደረገ ሰው ነው። መኪናው ከፊት ሲጋጭ በጎን የተቀመጠው ሰው ገላ ወደ ትከሻው አቅጣጫ ይወረወራል፤ አንገቱና ወገቡ ያንን ለመቋቋም አልተሠሩም። አውሮፓ እንዲህ ዓይነቱን መቀመጫ ከአዳዲስ ቀላል መኪኖች ላይ የከለከለችው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ግን በዚያ አግዳሚ ላይ የጤና ባለሙያ፣ መምህር፣ የወረዳ ሠራተኛ በየቀኑ ኮረኮንቹን ይወርዳል።

የድሮው ላንድ ሮቨር ዲፌንደርም ከአሜሪካ የወጣው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። እዚያ የተሸጠው ከ1993 እስከ 1997 ብቻ ነበር። የፊት ኤርባግ ለሁለቱም መቀመጫ ግዴታ ሲሆን፣ ላንድ ሮቨር ለዚያ አሮጌ ዲዛይን ወጪውን ከማውጣት ገበያውን መተው መረጠ።

ይህ ማለት ግን አሮጌ ዲዛይን ሊሻሻል አይችልም ማለት አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ትልልቅ የማዕድን ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው በግጭት ፈተና አምስት ኮከብ ባላገኘ መኪና እንዳይጓዙ መጠየቅ ጀመሩ። ቶዮታም በ2016 ባለ አንድ ጋቢናውን 79 ፒክአፕ ሻሲውን አጠናክሮ፣ አምስት ኤርባግ ገጥሞ አቀረበው፤ አምስት ኮከቡንም አገኘ። ጃፓን ውስጥ ራሱ ለዓመታት ከገበያ ጠፍቶ የነበረው 70፣ በ2023 አዲስ ሞተርና የደህንነት ዕቃ ይዞ ተመልሷል። ገዢው ሲጠይቅና ቁጥሩ ሲበዛ አምራቹ ይሠራል። የአሜሪካ ገበያ ግን በትልልቅና ምቹ መኪኖች የሞላ ስለሆነ ለሃርድቶፑ ያን ሁሉ ወጪ የሚመልስ ገዢ ይገኛል ብሎ ቶዮታ አላመነም።

ፒክአፕ ሲሆን ደግሞ ሌላ አጥር አለ፤ መነሻው ዶሮ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የአሜሪካ ዶሮ አውሮፓን አጥለቀለቀ። አውሮፓውያኑ ቀረጥ ጣሉበት። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በታኅሣሥ 1963 ብድር መለሱ። ከውጭ በሚገባ የድንች ስታርች፣ ዴክስትሪን፣ ብራንዲና ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። የሌሎቹ ኋላ ተነሳ፤ የጭነት መኪናው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለቀ። የቤት መኪና ለብዙ ዘመን 2.5 በመቶ ሲከፍል ፒክአፕ 25 ይከፍል ነበር ማለት ነው። ታኮማ እዚያው ሰሜን አሜሪካ የሚገጣጠመው፣ ሃይሉክስ ከታይላንድ ተጭኖ የማይሄደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፎርድ እንኳን ከቱርክ የሚያመጣቸውን የዕቃ መጫኛ ቫኖች የኋላ መቀመጫ ገጥሞ እንደ ሰው መጫኛ ያስገባቸው ነበር፤ ከወደብ በኋላ መቀመጫው ይነቀላል። የአሜሪካ መንግሥት ቀረጥ ማምለጫ ነው ያለው ይህ ጉዳይ በ2024 ፎርድ 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ተዘጋ።

ያ ዘመድ አሁንም ሃርድቶፕ ካማረው አንድ ቀዳዳ አለው። በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ከደህንነት መለኪያው ነፃ ያደርገዋል። ካናዳ ውስጥ 15 ዓመት ይበቃል። አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች እዚያ በውድ ዋጋ የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ታሪኩ ትንሽ ይለያል። ሱዙኪ ጂምኒን እንውሰድ፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ለጭቃ የተሠራ። አዲሱ ሞዴል በ2018 ሲወጣ ገዢ ተሰለፈለት። በ2020 ግን ከአብዛኛው አውሮፓ ገበያ ወጣ። ፈተና ወድቆ አይደለም። ሕጉ አምራቹ የሚሸጣቸውን መኪኖች ሁሉ የካርቦን ጭስ አማካይ ነው የሚይዘው። አማካዩ ከተፈቀደው ካለፈ በየግራሙ 95 ዩሮ፣ ያውም በተሸጠው መኪና ሁሉ ተባዝቶ ይከፈላል። ጂምኒ ደግሞ ለትንሽነቱ ብዙ ያጨሳል፤ አማካዩን ያበላሻል። ሱዙኪ ኋላ የመለሰው የኋላ መቀመጫውን አውጥቶ፣ ባለ ሁለት ሰው የዕቃ መኪና አድርጎ ነው። የዕቃ መኪና የሚለካው በሌላ ሂሳብ ነውና።

እኛም ብንሆን ይህን ዓይነት በር ዘግተናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አሳወቀ። ሀዋሳ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና መታየቱም ከዚህ ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ ዋናው ምክንያት የነዳጅ ወጪው ነው፤ ስለ ተሳፋሪ ጥበቃ ገና ብዙ አልተወራም።

ያገለገለ ላንድ ክሩዘር ልትገዙ ከሆነ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ማወቅ ይቻላል። ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ያለችውን የብረት ሰሌዳ ፈልጉ። «ኤች ዜድ ጄ 78» የሚል ካለ፣ ኤች ዜድ ሞተሩን፣ ጄ ላንድ ክሩዘርነቱን፣ 78 አካሉን ይናገራል። የረጅሙ ኮድ መጨረሻ ላይ ያለች ፊደል ገበያውን ትጠቁማለች፤ ቪ ከሆነ ለባሕረ ሰላጤው፣ ደብሊዩ ከሆነ ለአውሮፓ የተሠራ ነው። ከዚያ መሪው መሐል ላይ የኤርባግ ምልክት መኖሩን እዩ። ኋላ ግቡና ለእያንዳንዱ መቀመጫ ቀበቶ መኖሩን በእጃችሁ ሳቡት።

አዲስ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚህ በላይ ማድረግ ይችላል። 70ው ኤርባግና ኤቢኤስ (ሲያዝ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርግ) ፍሬን ያለው ሆኖ ይሠራል፤ ፊታቸው ወደ መንገዱ የዞረ የኋላ መቀመጫዎች ያሉትም አለ። የጨረታ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ ግን በዝቅተኛው ዋጋ የሚያሸንፈው ያለ እነሱ የሚመጣው መኪና ነው።