የሻጋታ ስፖር ልባስ ካይቲን ብቻ ነው እንዴ?

ጎንደር ላይ በክረምት እንጀራ ሦስት አራት ቀን ከቆየ ይሻግታል። ላዩ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ዱቄት ስፖር ነው፤ ሻጋታው የሚራባበት ደቃቅ ዘር መሰል ነገር። "ልባሱ ካይቲን ነው" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ካይቲን (የነፍሳት ቅርፊትም የሚሠራበት ጠንካራ ነገር) አለ፣ ግን ከውስጥ በኩል ነው፤ ያውም ግሉካን ከሚባለው፣ ግሉኮስ ተቀጣጥሎ ከሚሠራው ሰንሰለት ያንሳል።

ዋናው ጉድ ያለው ላዩ ላይ ነው። እስኪ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት (ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጋችሁ፣ ቡን ብሎ አፍንጫችሁ እንዳይገባ)። ውሃው አይሰርግም፣ ድብልብል ብሎ ቁጭ ይላል። ይሄ የሃይድሮፎቢን ሥራ ነው፦ ስፖሩን በቀጫጭን ዘንጎች የሚሸፍን፣ ውሃ የማይወድ ፕሮቲን። ስፖሩ ሳይረጥብ በነፋስ የሚሄደውም ለዚሁ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሜላኒን የሚባል ቀለም አለ፤ ከፀሐይ ጨረር ይከላከልለታል።

ሁሉም ፈንገስ ግን እንዲህ አይለብስም። ጠላ የሚያፈላው እርሾ ምግብ ሲያጣ የራሱን ስፖር ይሠራል፤ የዚያ ልባስ ከውስጥ ማናን (ማኖስ ከሚባል ስኳር የሚሠራ ሰንሰለት) እና ግሉካን፣ ቀጥሎ ካይቶሳን (የካይቲን ዘመድ)፣ ከላይ ዳይታይሮሲን ነው። ዳይታይሮሲን ማለት ሁለት ታይሮሲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ተጣብቀው ነው። ተራው የእርሾ ሴል ይሄ ከላይ ያለው ሽፋን የለውም፤ ስፖሩ ብቻ ነው ያለው።