ስለ ጋምቤላ ወደብ የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

የወደብ ወሬ ሲነሳ አሰብ፣ ምፅዋ፣ ጅቡቲ እየተባለ ሲቆጠር ይዋላል፣ ጋምቤላ ላይ ባሮ ወንዝ ዳር ከካርቱም የሚመጣ መርከብ ጨው አራግፎ ቡና ጭኖ ሲመለስ እንደኖረ ግን ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው፣ ትዝ የሚለውም ቢሆን ግማሹን አጣሞ ነው የሚያወራው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት)

"ምኒልክ ጋምቤላን ለእንግሊዝ ሸጧት"

ኧረ አልሸጡም፣ ያከራዩት ነው። ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የ1902ቱ ውል አንቀጽ 4 የሚለው ኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ ወንዙን ተከትሎም ከ2000 ሜትር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግስት ለንግድ ጣቢያ ይከራያል ነው (ጣቢያው የተቆረቆረው ጋምቤላ ላይ ነው)። ለፖለቲካና ለወታደር ስራ መጠቀም ክልክል ነው፣ ኪራዩም የሚቆየው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ብቻ። የሚገርመው አባይ ላይ ግብፅና ሱዳን ሁሌ የሚጠቅሱብን አንቀጽ 3 እዚሁ ውል ውስጥ ነው ያለው፣ አንድ መስመር ወርዶ አንቀጽ 4ን የሚያነብ ግን የለም።

"ጋምቤላ በሙሉ የእንግሊዝ ግዛት ነበረች"

400 ሄክታር ማለት እኮ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው! የዛሬውን ክልል በሙሉ እዛ ውስጥ መክተት ቀልድ ነው። እርግጥ ውሉ ፖለቲካ ክልክል ቢልም የእንግሊዝ ሹም እዛው ተቀምጦ አገሩን ይቃኝ ነበር። "ባዶ ጫካ ላይ ነው የተቆረቆረችው" የሚለውም ውሸት ነው፣ አኙዋኮች ባሮ ዳር ሲኖሩ ነው መርከቡ የመጣባቸው።

"መርከብ ዓመቱን ሙሉ ይመላለስ ነበር"

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ባሮ መርከብ የሚችለው ክረምት ላይ ሲሞላ ነው፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ፣ በጋ ላይ አሸዋው ይወጣል። ስለዚህ ከኢሉባቦርና ከወለጋ የተሰበሰበው ቡና፣ ቆዳና ሰም ከጎሬ በቡሬ (የኢሉባቦሯ ቡሬ) አድርጎ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወርዳል፣ ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት ጋምቤላ 500 አካባቢ፣ ከደጋ ወደ ሀሩር ነው በአንዴ የምትገባው፣ ከዛ መጋዘን ተከማችቶ ውሃውን ይጠብቃል። ውሃው ሲመጣ ጨውና አቡጀዲ ይራገፋል፣ ቡናው ይጫናል፣ በሶባት ወንዝ አድርጎ ማላካል (የዛሬዋ ደቡብ ሱዳን) ከዛ በነጭ አባይ ካርቱም፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ወንዙ ሳይጎድል ያልወጣ መርከብ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃታል።

"ጋምቤላን ከጣሊያን ያስለቀቃት የእንግሊዝ ጦር ነው"

በመጋቢት 1941 የገቡት የቤልጂግ መኮንኖች የሚመሯቸው የኮንጎ ወታደሮች ናቸው። ከኮንጎ ድረስ መጥተው ተዋግተው ሞተው ስማቸው እንኳን አይነሳም፣ ያሳዝናል።

"ጋምቤላ ወደብ የሞተችው ሱዳን ነፃ ስትወጣ ነው"

በወረቀት አዎ። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ኪራዩ አበቃና ቦታው በዛው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ንግዱ ግን ከዛ በፊት ነው መሸሽ የጀመረው። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ መግባቱ ብቻውን አልገደላትም፣ ምክንያቱም የምዕራቡ ቡና አዲስ አበባ ለመድረስ ራሱ በበቅሎ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ባሮ ይቀርባል። የጎዳት የመኪና መንገድ ነው፣ ጣሊያን ወደ ጅማና ወደ ለቀምት መንገድ ካወጣ በኋላ ነጋዴው በዓመት ጥቂት ወር የሚሰራ ወንዝ የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም፣ ቡናውን ካሚዮን ላይ ጭኖ ወደ ሸገር።