የልጅነታችን ጽዋ፦ ስለ 21 ዓመቱ ሕግና ስለ ድግሳችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነቢዩ ዳዊት «የልጅነቴን ኃጢአትና መተላለፌን አታስብብኝ» እያለ ይለምናል (መዝ. 24፥7)። ነግሦም የልጅነቱን አልረሳውም፤ ትዝታውን ይዞ በፈጣሪው ፊት ቆመ። እኛ ስለ ልጅነታችን መጠጥ የምናወራው ግን በሌላ ዜማ ነው። ቡና ተፈልቶ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ አንዱ «እኔ እኮ ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ፒያሳ ጠጅ ቤት ገብቼ…» ብሎ ሲጀምር ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ከረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ቄጠማ የምትነካካው የ12 ዓመት ልጅም ትሰማለች። ማስመለሱ፣ የጠዋቱ ራስ ምታት፣ የእናት ዕንባ ከጆሮዋ አይገባም። ሳቁ ነው የሚቀርላት።

ስለዚህ ነገር እንማማር። የአገራችን የመጠጥ ዕድሜ ሕግ ተቀይሯል፤ ይሁንና ሕጉ የሚይዘው ሻጩን ነው። ለብዙ የአዲስ አበባ ክርስቲያን ልጆች የመጀመሪያውን ብርጭቆ የቀዳላቸው ግን ሻጭ አልነበረም፤ አክስት፣ አጎት ወይም የክርስትና ድግስ አሳላፊ ነበር።

ሕጉን እናስቀድም። ቀድሞ ገደቡ 18 ዓመት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወደ 21 አሳደገው፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይለፈፍ የነበረውን የቢራ ማስታወቂያም አስቀረ። ትምባሆም በዚያው አዋጅ 21 ሆነ። ወጣቶቻችን የሚያነሡት ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በቁጣ ልንዘጋው አይገባም፦ «በ18 ዓመቴ ማግባት እችላለሁ፣ መምረጥ እችላለሁ፤ አንድ ቢራ ለምን እከለከላለሁ?» 21 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጀርመን ቢራና ወይንን በ16 ዓመት ትፈቅዳለች። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዕድሜውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ በመኪና አደጋ የሚያልቀው ወጣት ሲበዛ በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ «ወደ 21 የማይመልስ ግዛት ከመንገድ በጀቱ ይቀነስበታል» አለ፤ እስከ 1988 ሁሉም መለሱ። ሰው ያወጣው ልክ ነው፤ ግን ልጆች ከተቀበሩ በኋላ የተማሩት ልክ ነው። የሕክምናውም ምክንያት ቀላል ነው፦ ስሜትን የሚገታው፣ «ይብቃኝ» የሚለው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ነው።

ለክርስቲያን ከዚህ በላይ ምክንያት ቢያሻው ሬካባውያንን ያንብብ (ኤር. 35)። አባታቸው ኢዮናዳብ «ወይን አትጠጡ» አላቸው፤ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነቢዩ በቤተ መቅደስ ወይን ቀድቶ ሲያቀርብላቸው አንጠጣም አሉ። እግዚአብሔር ያመሰገናቸው ወይን ርኩስ ስለ ሆነ አልነበረም፤ የአባታቸውን ቃል ስለ ጠበቁ ነው። ወይንማ የሰውን ልብ ደስ እንደሚያሰኝ መዝሙሩ ይናገራል፤ ጌታችንም በቃና ባርኮታል። ስለዚህ ለ19 ዓመቱ ልጅ «መጠጥ ሰይጣን ነው» አንበለው፤ ውሸት እንደ ነገርነው አድጎ ይደርስበታል። «ጊዜው አልደረሰም፤ መታዘዝህ ራሱ መሥዋዕት ነው» እንበለው። በተቃራኒው በ2008 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ የሰከረ ሰው «ያኔ ተፈቅዶ ነበር» ብሎ ከንስሐ አያመልጥም። ሕጉ ቢቀያየርም ስካር ያኔም ስካር ነበር (ኤፌ. 5፥18)።

ግሮሰሪ፣ ሱቅ ወይም ሆቴል ያላችሁ ምእመናን ብዙ ናችሁ፤ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ። ስሕተቱ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው በ18 ዓመት ስለሆነ አስተናጋጁ «መታወቂያ አለህ?» ብሎ ልጁ ሲያወጣ ይበቃኛል ይላል። ያጣራው ግን አሮጌውን ሕግ ነው። መታወቂያ መኖሩ 18 መሙላቱን እንጂ 21 መሙላቱን አያሳይም። የትውልድ ቀኑን ማንበብና 21 መደመር ያስፈልጋል፦ ሰኔ 1998 የተወለደ 21 የሚሞላው ሰኔ 2019 ነው፤ ግንቦት 2019 ላይ ገና ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈን ዓመት ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ የቀነሰ አስተናጋጅ 7 ወይም 8 ዓመት ያሳድገዋል፤ የ20 ዓመቱ ልጅ 28 ሆኖ ይታየዋል። መሸጫው አጠገብ በየወሩ መጀመሪያ «ከዚህ ቀን በኋላ ለተወለደ አይሸጥም» የሚል አንዲት ወረቀት መለጠፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ወረፋ ሲበዛ ሒሳብ የሚሠራ የለም፤ ሁለት ቀን ማነጻጸር ግን ማንም ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው «አባዬ ልኮኝ ነው» የሚለው ነው። ባዶ ጠርሙስ ይዞ የመጣውን የ10 ዓመት ልጅ ሻጩ ያውቀዋል፣ አባቱንም ያውቃል፤ ስለዚህ ይሰጠዋል። ወላጆች፣ በዚህ ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ ነው። ልጃችንን ስንልክ ባለሱቁን ሕግ አስጣስነው፣ ልጁን መንገዱን አስተማርነው። ቢራው ካስፈለገን በእግራችን ሄደን እናምጣ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የጠላና የጠጅ ጉዳት የሚሰወርብን ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ስለሌለው ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 5 በመቶ ከሆነ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለበት። ግማሽ ሊትር ጠላ 4 በመቶ ቢሆን 16 ግራም ይሆናል። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 10 በመቶ ጠጅ ከያዘ 20 ግራም ነው። 40 ሚሊ ሊትር አረቄ በ40 በመቶ 13 ግራም ያህል ነው፤ ዳግም አረቄ ሲሆን ይብሳል። የጎልማሳ አካል በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ቡናም፣ ሎሚም፣ ቀዝቃዛ ውኃም አያፈጥነውም። እንግዲህ 35 ኪሎ የሚመዝን ልጅ «ለበረከት» ተብሎ አንድ ብርሌ ቢሰጠው፣ 70 ኪሎ የሚመዝን አባቱ ሁለት ብርሌ በአንዴ እንደ ጠጣ ነው። ጠጁ ጣፋጭ ስለሆነ ደግሞ ልጁ አይመርረውም፤ ሁለተኛውን ይጠይቃል።

«ቅራሪ እኮ ነው» የሚለውም ማመካኛ ይታሰብበት። ቅራሪ ከድፍድፉ ላይ ውኃ እየተጨመረ የሚወርድ ስለሆነ ቀጭን ነው፤ ግን ስኳሩና እርሾው ስላላለቀ ጋኑ ውስጥ ባደረ ቁጥር ይበረታል። ጠዋት ለልጅ የሰጠነውና ማታ የሰጠነው አንድ አይደለም።

ሌላው ማመካኛ የከበደ ነው፦ «ሕፃን እንኳ በ40 ቀኑ፣ በ80 ቀኗ ይቆርባል አይደል?» ይቆርባል። የቁርባኑ ወይን ግን ከዘቢብ ነው የሚዘጋጀው፤ ዘቢቡ በውኃ ርሶ ተጨምቆ በትኩሱ ይቀርባል፣ አይፈላም፣ አያሰክርም። የጌታን ክቡር ደም ለጠላ ጥብቅና ማቆም አይገባም።

ልጆች ከጽዋ ማኅበሩ ይገለሉ ማለታችን ግን አይደለም። ሰንበቴው፣ ዝክሩ፣ ጽዋው የእነርሱም ርስት ነው፤ ከ21 በታች ላሉት ብርዝ ይቀዳላቸው። አሠራሩ፦ 1 ኪሎ ንጹሕ ማር በ4 ወይም 5 ሊትር ፈልቶ በበረደ ውኃ ይበረዛል፤ ሰፈፉ እስኪለይ በንጹሕ ነጠላ ይጠለላል። ጌሾ አይገባበትም። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው፦ አልኮል የሚያመጣው ጌሾው ይመስላቸዋል። ጌሾ መራራነትና መዓዛ ይሰጣል፣ መፍላቱንም ያግዛል፤ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው ግን እርሾ ነው፣ እርሾ ደግሞ በማሩም በዕቃውም አለ። ስለዚህ ጠጅ ተጥሎበት በነበረ ጋን ወይም ጀሪካን ብርዝ አይበረዝም፤ በግድግዳው የቀረው እርሾ በአንድ ሌሊት ያስነሣዋል። በአይዝጌ ብረት ወይም በመስታወት ዕቃ፣ በዝክሩ ዕለት ጠዋት ተበርዞ በዚያው ቀን ይለቅ። የተረፈው ፍሪጅ ካልገባ አይደር። ክዳኑ ሲከፈት ትንፋሽ ካወጣ፣ አረፋ ከያዘ፣ ምላስን ከቆነጠጠ ብርዝነቱ ቀርቷል፤ ለልጅ አይሰጥ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር በማንኛውም መልኩ፣ በጣት ጫፍም ቢሆን፣ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ጀርም በጨቅላ አንጀት መርዝ ያፈራል። በክርስትና ድግስ ላይ ይህን የሚያስታውስ ሰው ይኑር።

በድግሱ ላይ ማን ይቅዳ? የሁሉ ነገር መፍቻ ይህ ነው። ጠላውን ለልጆች አስይዘን «ለእንግዶች ቅዱ» ካልን፣ ልጆቹ ጓዳ ውስጥ የተረፈውን እየጨለጡ ይማራሉ። ቀጂው ጎልማሳ ይሁን፤ የብርዙ ማንቆርቆሪያ በቀለሙ የተለየ ይሁን፤ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ሲነሣ የተረፈው ወዲያው ይደፋ። «ለባልንጀራው ለሚያጠጣ ወዮለት» የሚለው የዕንባቆም ቃል (2፥15) በመጀመሪያ የሚመለከተው ቀጂውን ነው።

የጥምቀትን ነገር ሳንናገር አናልፍም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ፣ 11 ይመለሳሉ፣ 12 በቃና ዘገሊላ ቅዱስ ሚካኤል ይገባል። ወጣቱ ሌሊቱን በዝማሬ አድሮ፣ ምግብ ሳይቀምስ፣ በፀሐይ ውሎ፣ ታቦቱን ሸኝቶ ሲመለስ ግሮሰሪው በር ላይ ይጠብቀዋል። ባዶ ሆድና የተጠማ ሰውነት አልኮሉን በፍጥነት ይስበዋል፤ ሌላ ቀን በሦስት የሚሞቀው በአንድ ይወድቃል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች መዘምራኑን በልብስና በከበሮ ብቻ አታሰልፉ። ውኃና ዳቦ የሚይዝ፣ ታቦቱ ሲገባ ወጣቶቹን በስማቸው ቆጥሮ ወደ ቤታቸው የሚያደርስ ሰው መድቡ። ዳንኤልና ሦስቱ ልጆች የንጉሡን ወይን እምቢ ያሉት በአንድነት ነው (ዳን. 1)፤ ብቻውን የቆመ የ17 ዓመት ልጅ እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ደግሞም ከወደቀ አትተዉት። «ይተኛና ይለቀዋል» ብሎ ክፍል ውስጥ ዘግቶ መሄድ ይገድላል። ቢቀሰቅሱት የማይነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች የሚተነፍስ ወይም ትንፋሹ ከ10 ሴኮንድ በላይ የሚቋረጥ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ቆዳው የቀዘቀዘ ልጅ ስካር ሳይሆን መመረዝ ላይ ነው። በጎኑ አስተኙት፤ ትውከቱ ወደ ሳንባው እንዳይገባ። ጨው ውኃ አትጋቱት፣ እንዲያስመልሰው ጣት አትክተቱ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉበት። 907 ደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ለወላጅ መንገሩ ቢያሳፍርም በዚያች ሰዓት ይነገር፤ ቁጣው ሌላ ቀን ይደርሳል።

አሁን ወደ ትዝታችን እንመለስ። የልጅነት መጠጥ በንስሐ ሲነገር «በወጣትነቴ ጠጥቼ ነበር» ተብሎ በጅምላ አይታለፍ። ስንት ዓመትህ ነበር? ገንዘቡ ከየት መጣ? ከእናት መቀነት የተፈታ ከሆነ እርሱም ይነገር፤ እናት በሕይወት ካሉ ይመለስላቸው። ከአንተ በታች ለሆነ ልጅስ ቀድተህ ታውቃለህ? ይህን ሦስተኛውን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ የት እንዳለ ካወቅህ ሄደህ ይቅርታ መጠየቅ የንስሐ አባትህ ሊያዝዝህ ይችላል። ልጆችህ ሲጠይቁህ ደግሞ አትዋሽ፤ ታሪኩን ግን ከመጨረሻው ጀምረህ ንገር፦ ከማለዳው፣ ከማስመለሱ፣ ከጠፋው ደብተር፣ ያን ሌሊት ያልተኛችው እናት ከተቀመጠችበት በር።

በልጅነት የጀመረው እስካሁን ያልለቀቀውም አለ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በስሜት ተነሥቶ «ከነገ ጀምሮ» ብሎ ምሎ በአንዴ ሲያቆም አደጋ አለው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 ሰዓት ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ቤተሰብ ይህን ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ በሰንሰለት ያስረዋል፤ ሐኪም ካላየው ሊሞት ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለመድኃኒትን አክብረው ይላል፤ ጸበሉና ሐኪሙ አይጣሉም። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ውሰዱት፤ አካሉ ሲረጋጋ ጸበሉን በሰላም ይጠመቃል። ስትሄዱ ብቻውን አትላኩት። በቀን ስንት መለኪያ ወይም ስንት ጠርሙስ እንደሚጠጣ ሳትቀንሱ ጻፉ፤ ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ የሚያውቅ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቃችሁ የመጨረሻውን ጽዋ በስንት ሰዓት እንደ ጠጣ ነውና፣ ያንን ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ።