ስለ ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለውን ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ የማያውቅ አዲስ አበቤ ማግኘት ይከብዳል። የሱም የባንኮቻችንም ታሪክ ሲወራ ግን ብዙ ነገር ይደባለቃል። በጣም የምወደው ሕንፃ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በኛው አቆጣጠር ነው።

«ጣሊያን የሠራው ነው።»

አይደለም። ጣሊያን በ1933 ተባረረ። ሕንፃው የተሠራው ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። ንድፉ የፈረንሳዊው አርክቴክት የአንሪ ሾሜት ነው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግን መገመት አያቅትም። እዚያው ያለውን ብሔራዊ ቴአትር ጣሊያኖች ሲኒማ ሊያደርጉት ጀምረው ሳይጨርሱት ነው የወጡት። በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ያደረሰውም ያው ሾሜት ነው። ደጁ ላይ ያለው የድንጋይ አንበሳም የሌላ ፈረንሳዊ፣ የቀራፂው ሞሪስ ካልካ ሥራ ነው።

«ክብ የሆነው ለውበት ብቻ ነው።»

ውበቱማ አለ። ግን ክብ ጣሪያው፣ ማለትም ጉልላቱ፣ ሥራም ይሠራል። የጣሪያውን ክብደት ወደ ዙሪያው ያወርደዋል፤ ስለዚህ መሃሉን በምሰሶ ማጨናነቅ አያስፈልግም። በየቀኑ ሰው ለሚጎርፍበት አዳራሽ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞስ ክብ ጎጆና ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ለኖረ ሕዝብ፣ ቅርፁ ከቶ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

«ንግድ ባንክና ብሔራዊ ባንክ ድሮም የተለያዩ ነበሩ።»

አንድ ነበሩ። በ1934 በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ የማዕከላዊ ባንኩንም የንግዱንም ሥራ ይሠራ ነበር። በ1955 ሌላ አዋጅ ወጣና ለሁለት ተከፈለ።

«አቢሲኒያ ባንክ የምኒልክ ባንክ ነው።»

ይሄኛው በጣም ሥር የሰደደ ነው። የአገራችን የመጀመሪያ ባንክ በ1898 በአፄ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ መሆኑ እውነት ነው። ግን ንጉሡ ፈቃዱን የሰጡት በእንግሊዞች እጅ ለነበረው ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ያውም ለ50 ዓመት፣ ያለ ተወዳዳሪ። ሐምሳው ዓመት ግን አልሞላም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ውሉን አቋረጡና በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። እሱንም የጣሊያን ወረራ ዘጋው። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው አቢሲኒያ ባንክ በ1988 በግል ባለአክሲዮኖች የተመሠረተ ነው። ስሙን ወረሰ እንጂ ሌላ ባንክ ነው።

«ኮንክሪት እኮ ነው፤ ምን ቅርስነት አለው?»

ይሄኛው ያናድደኛል። በተለይ የንግድ ባንክ አዲሱ ፎቅ 209 ሜትር ተመዝዞ በ2014 ከተመረቀ ወዲህ፣ ክቡን ሕንፃ «ጊዜው ያለፈበት» የሚሉ አይጠፉም። ቅርስ ማለት የምኒልክ ዘመን የጭቃና የእንጨት ቤት ብቻ አይደለም። የ1950ዎቹ አዲስ አበባም የራሷ መልክ ነበራት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ የዚያው ዘመን የኮንክሪት ሥራ ነው። እሱን ማንም «አርጅቷል፣ ይፍረስ» አላለም። ተከብሮ፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ታደሰና በ2017 ተከፈተ። ክቡ ባንክም እንዲሁ ሊያዝ ይገባዋል።