ኮሸር ወይን ላይ ያለው «መቩሻል» ምንድን ነው?

ኮሸር (በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ የተፈቀደ) የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ «መቩሻል» የሚል ካያችሁ፣ «የበሰለ» ማለት ነው። ድስት ላይ ተጥዶ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ዛሬ በቧንቧ ሲያልፍ ለጥቂት ሰከንድ ይሞቅና ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ለምን? በሕጉ መሠረት ኮሸር ወይን ከጭመቃው እስኪታሸግ ሰንበት ከሚያከብር አይሁዳዊ በቀር ማንም አይነካውም። ያልበሰለው ከተከፈተ በኋላም ሌላ ሰው ከቀዳው ኮሸርነቱ ቀረ። የበሰለውን ግን የትኛውም አስተናጋጅ ቢቀዳው ችግር የለም። ለሠርግ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ጉዱ ያለው ትንንሾቹ የቤተሰብ ጠማቂዎች ጋ ነው። ባለቤቱ ሰንበት ካላከበረ የገዛ በርሜሉን ቧንቧ አይከፍትም፤ ቆሞ ያዛል እንጂ።

ሕጉ ሰው ያስቀየመበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 እስራኤል ውስጥ አንድ ጠማቂ ቤተ እስራኤላውያን ሠራተኞቹን ከወይኑ ማራቁ ሲሰማ፣ በጊዜው ከአገሪቱ ሁለት ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ ራሳቸው አወገዙት።